ክዳኑ ሲነሳ

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ዓይኔ ደክሟል፤ በቀን አንድ ገጽ ከሞላሁ ለእኔ ብዙ ነው። ደብተሩ የባለቤቴ የመምህር ዴታሞ ነው። ከፊት ያሉት ገጾች የእሱ ጽሑፍ ስላለባቸው፣ እኔ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ወደ እሱ እየመጣሁ ነው። ካረፈ ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያ ቀን ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጣላም፣ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው እንኳ አልነበረም። እኔ ግን የዚያን ቀን ነገር ሳስታውስ ብቻዬን በተቀመጥኩበት ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ ከምባታ። ሆሳዕና ከተማ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። ዴታሞ ሀዲያ ነው፤ የሀቢቾ ገበሬ ልጅ፣ የሂሳብ መምህር። ተጋባን፤ ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን ቋንቋ እስክንለምድ በአማርኛ ስንነጋገር፣ በዚያው ቀረን። ምሕረት የምትባል አንድ ልጅ አለችን፤ አሁን ሐዋሳ ትሠራለች። ለእሱ የምሕረት እናት ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ለእኔ የምሕረት አባት።

ታላቅ እህቱ እትዬ ታደለች ግን የምሕረት እናት ብለውኝ አያውቁም። ለእሳቸው "የአንጋጫዋ" ነበርኩ። ሙሽራ ሆኜ ሀቢቾ የሄድኩ ጊዜ የሠራሁትን ምግብ በጣታቸው ቀምሰው፣ ለተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ "እጇ ቅቤ ላይ ይሰስታል" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸው ባሉበት ድስት ላይ ቅቤ ስጨምር አንድ ማንኪያ እደግማለሁ፤ አነሰ እንዳይሉኝ። እኛ አገር ቅቤ ክብር ነው። እንግዳ ፊት የቀረበ ሥጋ ላይ ቅቤ ካልታየ፣ የቤቱ ሴት ወይ ሰስታለች ወይ ንቃለች ይባላል።

ዴታሞ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማንበብ አበዛ። የኦሪትን መጻሕፍት እንደ ሂሳብ ነበር የሚያነባቸው፤ በእርሳስ እያሰመረ፣ ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት እያደረገ። ቀስ በቀስ ቅዳሜን ማክበር ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን "የምሕረት እናት፣ እኔ የአይሁድን እምነት ልቀበል ነው" አለኝ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ፤ አባቴም ሽማግሌ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው መከሩት፤ በሦስተኛው ከአባልነት አገዱት። ሰፈሩ ደግሞ ወዲያው ምክንያት አገኘለት። "መምህር በስተርጅና ቪዛ አማረው" ተባለ። በየመንገዱ "መምህር፣ አውሮፕላኑ መቼ ነው?" የሚሉት አሉ። "እናንተ መጀመሪያ የአዲስ አበባን አውቶቡስ በሰዓቱ አስነሱልኝ" ይላቸውና ያልፋል።

ወደዚያ ወገንም ቢሆን በሩ ክፍት አልነበረም። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ "ወደ ቤትህ ተመለስ፤ በነበርክበት ጥሩ ሰው ሁን" አሉት። ተመልሶ ሄደ። "ምን ፈልገህ ነው? እኛ ወደ ውጭ ሰው አንልክም" አሉት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ አስቀመጡትና ማስተማር ጀመሩ። ብዙ ሰው መመለስ ልማዳቸው እንደሆነ፣ የጸናውን ብቻ እንደሚያስገቡ በኋላ ነው የተረዳው። አራት ዓመት ተመላለሰ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "በአንድ ቤት ሁለት ሕግ አይኖርም። ሚስትህ አብራህ ካልገባች አንቀበልህም" አሉት።

ሲነግረኝ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት እያየ ነበር። "አላስገድድሽም" አለኝ።

"እሺ፣ አብሬህ ነኝ" አልኩት። እንዲህ ያልኩት ለታመመ ሰው እሺ እንደሚባለው ነው። ልቤ ውስጥ "ይህም ያልፋል" እያልኩ።

በዚያው ዓመት የእነሱ ፋሲካ ሳይደርስ፣ አዲስ ገቢዎችን የሚቀበሉ ሦስት ዳኞች ከውጭ ሊመጡ ነበር። ከዚያ በፊት ከጸሎት ቤቱ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቤታችንን አይተው፣ እኔን ጠይቀው ስሙን እንዲያስተላልፉ ተወሰነ። የመጡት አቶ መኩሪያ ናቸው። ወሩ ጥር ነበር፣ ቀኑ ረቡዕ። ከዋዜማው ገብተው መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሆቴል አደሩና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዴታሞ ይዟቸው መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጺም ያላቸው ሰው። የራሳቸውን ኩባያና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የራሳቸውን ቢላዋ ይዘዋል።

ዴታሞ በግ ገዝቶ ነበር። በአራቱ ዓመት ከሥጋ ቤት አንድም ቀን ሥጋ አልበላም፤ ስለዚህ ያ ቀን ለእሱ ትልቅ ቀን ነው። አዲስ ድስትም ገዝቶ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሮበታል። ሕጋቸው ሥጋንና ወተትን አያገናኝም፤ ቅቤም ወተት ነው። ሳምንት ሙሉ "በዘይት ብቻ፣ የምሕረት እናት" ሲለኝ ከረመ። "ስንቴ ትነግረኛለህ? መምህር ነኝ እኮ" አልኩት።

አቶ መኩሪያ ቢላዋውን ፈትተው ስለቱን በጥፍራቸው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያስኬዱ መረመሩት። አንዲት ጥርስ እንኳ ካለችበት አይታረድበትም አሉ። በጉን አረዱ፤ ሳንባውን አውጥተው እንከን እንዳይኖርበት በመዳፋቸው ዳሰሱ። የኋላውን እግር "ሕጋችን የማይበላውን ጅማት ለማውጣት ጊዜ የለኝም፤ ለጎረቤት ስጡት" ብለው፣ ከፊት ያለውን ብቻ ለእኛ ለዩ። ከዚያ ሥጋው ውሃ ውስጥ ተዘፈዘፈ፤ ቀጥሎ ጨው ተነስንሶበት ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ አንድ ሰዓት ቆየ፤ ደሙ እንዲወጣ።

እትዬ ታደለች የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ከሀቢቾ በጠዋት ተነስተው፣ በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዘው። ሳንቃው ላይ የነጣውን ሥጋ ሲያዩ ቆሙ።

"ይሄ ሥጋ ምን ሆኖ ነው? ታጥቦ የተሰጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይመስላል!" አሉ፤ በሀዲይኛ ነው፤ እንግዳው እንዳይሰማ።

"ሕጋቸው ነው፣ እትዬ።"

"በጉ ሳይታረድ የሞተው በሳሙና ነው በዪኛ!"

ሳቄ አመለጠኝ። ኩሽና ገብተን እሳቱ አጠገብ ተቀመጥን። ሽንኩርቱ በዘይት እየተቁላላ ነው። ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ኮባውን ፈትተው ቅቤውን ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"ለወንድሜ እንግዳ ነው ያመጣሁት።"

"አይቻልም፣ እትዬ ታደለች። በዘይት ብቻ ነው።"

"ለእንግዳ በግ ታርዶ በዘይት?" ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። "እኔ እኮ አውቃለሁ። ሕጉ አይደለም። ያኔም እጅሽ ይሰስት ነበር።"

ሽንኩርቱን አማሰልኩ።

"ወንድሜን ያ ሽማግሌ ሊወስድብኝ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፣ ከዘመድ ማዕድ ወጣ። አሁን ደግሞ የአባታችን ቤት ቅቤ አይነካውም። አንቺ የአንጋጫዋ፣ ሠላሳ ዓመት አብረሽው ኖረሽ ይህንን ዝም ብለሽ ታያለሽ?" ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ተነሱና የኋላውን እግር ይዘው ወደ ጎረቤት ወጡ። ቅቤው ጭኔ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ። እንግዲህ ልናገር። ከመደርደሪያው የተነጠረውን ቅቤ አወረድኩ፤ የእትዬን እንኳ አልነካሁም። የራሴን፣ ኮሰረት ያለበትን፣ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርት አበዛሁበት፤ ሽታውን ይሸፍናል ብዬ። ማን ያውቃል አልኩ። እትዬ ታደለችን ፈርቼ ነው ብላችሁ እንድታስቡልኝ እፈልግ ነበር። እውነቱ ግን ማንኪያው ከድስቱ ሲወጣ ደስ ብሎኛል። አራት ዓመት ሙሉ እሱ ብቻውን ሲሄድ፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ላይ ብቻዬን ስቀር የተጠራቀመብኝ ነገር ነበር። ይኸው ሕግህ፣ ሁለት ማንኪያ ናት፤ አልኩት በልቤ።

ክዳኑን ገጥሜ እጄን ታጥቤ ሳሎን ገባሁ፤ አቶ መኩሪያ ሊያነጋግሩኝ ስለፈለጉ።

"ወይዘሮ አበበች፣ ይቀመጡ" አሉኝ በገዛ ቤቴ። ዴታሞ ሊወጣ ሲል "አንተም ተቀመጥ፤ የሚደበቅ ነገር የለም" አሉት። ከዚያ ስለራሳቸው አወሩኝ። "አያቶቼ ጎንደር ውስጥ ይሁዲ ተብለው ተሰደቡ፤ ይሁዲ ተብለው መሬት ተነፈጉ። እኔ ግን ከወገኖቼ ጋር እኩል ልቆጠር ስሄድ፣ እንደ አዲስ ገቢ ለመንጻት ውሃ ውስጥ ግባ አሉኝ። ገባሁ። ከውሃው ስወጣ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ንዴት እስከ ዛሬ አላውቀውም። ስለዚህ በር ላይ መቆምን አውቃለሁ። እርስዎስ? ባልዎ ስለጠየቀዎት ብቻ ከሆነ፣ አሁን ቢነግሩኝ ማንም አይቆጣዎትም።"

የዴታሞን እጆች አየኋቸው። ጠመኔ የለመዱ ጣቶቹ ተቆላልፈው ጉልበቱ ላይ ነበሩ።

"አብሬው ነኝ" አልኩ።

ቅቤው በዚያች ደቂቃ ኩሽና ውስጥ እየቀለጠ ነበር።

አቶ መኩሪያ ፊታቸው በራ። "እንግዲያው እንብላ" አሉ። ዴታሞ ራሱ ተነስቶ እጃቸውን አስታጠበ። ቆጮውን አቀረብኩ፤ በዘይት የተሠራ ጎመን አቀረብኩ። እትዬ ታደለችም ተመልሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ድስቱን አምጥቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩና ክዳኑን አነሳሁ።

የኮሰረት ሽታ ቤቱን ሞላው። እኛ አገር ሕፃን እንኳ የማይስተው ሽታ ነው። ወጡ ላይ ቢጫ ቢጫ የቅቤ ዓይኖች ይንሳፈፋሉ።

የጎረቤት ዶሮ ጓሮ ውስጥ ሲጭር ይሰማል። ዴታሞ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ አቶ መኩሪያ ዞረ።

"ጋሼ መኩሪያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጨምሪበት ያልኳት እኔ ነኝ። በእናቱ ወተት እንዳይቀቀል የተከለከለው የፍየል ግልገል ብቻ መስሎኝ... በግ ከሆነ ይፈቀዳል ብዬ።"

አራት ዓመት የተማረ ሰው! ደብተሩ አሁን ፊቴ ነው፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ሕጉን ከነዝርዝሩ ጽፎት ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የመጀመሪያውን ትምህርት ያላወቀ ሰነፍ ተማሪ አድርጎ ራሱን አቀረበ፤ እኔን ውሸታም ላለማድረግ።

አቶ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። ረጋ ብለው፣ ጊዜ እየሰጡኝ፣ "እንደዚያ ነው፣ ወይዘሮ አበበች?" አሉኝ።

እትዬ ታደለች ከበሩ አጠገብ እያዩኝ ነው። ዴታሞ አያየኝም፤ ቆጮውን ነው የሚያየው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ እንደዚያ ነው ብዬ።

አቶ መኩሪያ ቆጮና ጎመናቸውን በልተው አመሰገኑ። ድስቱን ቀስ አድርገው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ዴታሞን "ለዘንድሮ አልደረሰም፣ ወንድሜ። አንድ ዓመት እንጨምር። ለመጪው ዓመት እኔው እመጣለሁ" አሉት። "እሺ፣ ጋሼ" አለ፤ የክፍል ፈተና እንደወደቀ ልጅ። ይዟቸው ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲጮህብኝ ፈልጌም ነበር። "ወጡን ለእትዬ ስጫቸው፤ እንዳይበላሽ" አለኝ። ድስቱ ባዶ ሲሆን ራሱ አጥቦ፣ ደፍቶ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በሠላሳ ዓመት ድስት ሲያጥብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማጥናቱን አላቋረጠም። የመጪውን ዓመት ቀን ይቆጥር ነበር። ግን ደም ግፊቱ ጠናበትና በኅዳር፣ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሆስፒታል ገባ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ "የምሕረት አባት፣ ያን ቀን፣ ስለ ድስቱ..." ብዬ ጀመርኩ።

"የቱ ድስት?" አለኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ። በማግስቱ አረፈ።

ሀቢቾ በአባቱ መሬት ላይ ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያኔ ለእኔ ስትል በብዛት መጣች፤ መጋቢው ስለጠፋች በግ ሰበኩ። እኔ ስለሌላ በግ እያሰብኩ አለቀስኩ። ለአቶ መኩሪያ አልደወልኩላቸውም። አፍሬ።

የደወልኩላቸው አርባ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ማረፉን ነገርኳቸው። ሊያጽናኑኝ ሳይጀምሩም "ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ክዳኑ ሲነሳ እርስዎና እኔ ድስቱን ነበር ያየነው። መምህር ግን ድስቱን አላየም፤ እርስዎን ነው ያየው። ጨምሪ ብሎ ያዘዘ ሰው እንደዚያ አያይም።"

"ታዲያ እያወቁ ለምን መለሱት?" ድምፄ ተቆጣ፤ በማን ላይ እንደሆነ እንጃ።

"በቅቤው አይደለም፣ እህቴ። እኔ ነኝ ቢሉኝ፣ እንስቅና ሌላ ድስት እንጥድ ነበር። እውነት የምትናገር ሴት ያለችበት ቤት ሕጉን ይማረዋል። እርስዎ ግን ራስዎን ነቀነቁ።" ድምፃቸው ተለወጠ። "እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ዓመት ያልኩት በልማድ ነው፤ እኛን እንዳስቆሙን ሰውን ማስቆም ለምደናል። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው በር ላይ ሌላ ዓመት አቆምኩት። ከውሃው ስወጣ ያለቀስኩት ሰውዬ ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ።"

"አሁን ምን ተብሎ ይቆጠራል?" አልኳቸው።

"የእኔ ፍርድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ግን ስሙን ከሞቱት ወገኖቼ ጋር እጠራለሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።"

ይህን የምታነቡ፣ እንድትፈርዱልኝ አይደለም የጻፍኩት። እምነቴን አልለወጥኩም፤ እሑድ እሑድ ያው መቀመጫዬ ላይ ነኝ። የተለወጠው ሌላ ነው። አዲስ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሲመጣ እህቶች "ምን ፈልጎ ነው?" ሲሉ እሰማለሁ። ድሮ እኔም እጠይቅ ነበር። እኔ ራሴ ከአንጋጫ መጥቼ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ማንኪያ ቅቤ ስፈተን የኖርኩ ሴት፣ ባሌ በር ላይ ቆሞ ሲለምን የበሩን መወርወሪያ ከውስጥ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ከተገፋበት ነገር ይማራል ብላችሁ አትመኑ። እኔ አልተማርኩም።

ባለፈው ወር እትዬ ታደለች ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ትልቅ ድስት ሊዋሱ መጡ። ባለቀይ ክሩን አዩት።

"እሱ አይሆንም፣ እትዬ። ቅቤ አይገባበትም" አልኳቸው።

"ለማን ብለሽ? ወንድሜ የለ!"

ነገርኳቸው። እሳቸው ወስደው የበሉት ወጥ ላይ ቅቤውን ማንም ሳያዘኝ የጨመርኩት እኔ መሆኔን፣ ዴታሞ ስለ እኔ መዋሸቱን፣ እኔ ራሴን መነቅነቄን። በስድብ ይጨርሱኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ግን በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

"ቅቤ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እንዳይቀበሉት ነበር የጸለይኩት። መንገዱን ሙሉ፣ ከሀቢቾ ጀምሬ።"

አቶ መኩሪያ እንዲህ ያለ ድስት እንዴት እንደሚነጻ በስልክ ነግረውኝ ነበር፤ አፉ ድረስ በውሃ ሞልቶ፣ ፈልቶ በአራቱም ጎን እስኪፈስ ማፍላት ነው። ብቻዬን አልደፍረውም ነበር፤ ውሃ የሞላ ድስት ይከብዳል። እትዬ ታደለች ተነስተው ባለክሩን እጀታ ያዙ፤ እኔ ሌላውን። ጣድነው። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ውሃው ተነስቶ በጠርዙ ሁሉ ሲገነፍል እሳቱ ጢስ ብሎ ጠፋ፤ ኩሽናው በእንፋሎት ተሞላ።

"ይበቃል፣ የምሕረት እናት" አሉኝ።